አየር ላይ የቀረው እጅህ

ለምወድህ ወንድሜ ለአቤኔዘር፣

እንደምን ከርመሃል? ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ደህና ነህ ወይ? ያ የመጋዝ ብናኝ ያመጣብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም አፍህን ሳትሸፍን ነው እንጨት የምትልገው? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ የደሴን ዳገት እሺ አለላት? እኔና ፍቃዱ ከናፍቆታችሁና ከጋምቤላ ሙቀት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሙቀቱን አንተም ታውቀዋለህ፤ አቦቦ ተወልዶ የመጋቢትን ፀሐይ የረሳ ሰው የለም። እዚያ ጋቢህን ተከናንበህ ይህን ስታነብ ትንሽ ብታዝንልኝ አልጠላም።

የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። በቴሌግራም መመለስ ስችል ወረቀት ያነሣሁት፣ በወረቀት የመጣልህን ነገር ደጋግመህ ሳታነብ እንደማታስቀምጥ ስለማውቅ ነው። ይህን ደግሞ ደጋግመህ እንድታነበው እፈልጋለሁ። ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ወደ ኮከብ ቤት ሽማግሌ እንደሚላክ፣ አባቷም «ልጁን ራሱን ሳላነጋግር መልስ አልሰጥም» እንዳሉ ጽፈህልኛል። እኔ አፍ ከፈታሁ ጀምሮ በሱቅም በቤተ ክርስቲያንም በቀበሌም ድምፅህ እኔ ነበርኩ። ለዚህ ቀን ግን ኢንተርኔቴ ስለማያስተማምን ከተማርክበት መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ሌላ አስተርጓሚ ልለምን ብለሃል፤ እንዳይከፋኝም ለምነኸኛል። ከፍቶኛል! መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ፦ ማንንም አትለምን። በአካል እንዳልመጣ ሐኪሙ ረጅም መንገድ ከልክሎኛል፤ ለምን እንደከለከለኝ እማዬን ጠይቃት፣ እሷ ሳልነግራት ገምታለች። ያን እሑድ በኮከብ አባት ፊት ድምፅህ ግን እኔው ነኝ።

መጠራጠርህ አይፈረድበትም። ባለፈው በቪዲዮ ስንገናኝ የሆነውን አይተኸዋል። እኛ ቤት ሁሉም ሰው የእጅ ስም አለው፤ እማዬ የሻሿ ቋጠሮ ናት፣ ፍቃዱ ጢሙ ነው፣ እኔ በልጅነቴ የወለቁት የፊት ጥርሶቼ። ኮከብን ግን ሁልጊዜ በፊደል በፊደል ነበር የምትጠራልኝ። ያን ዕለት «ስም አወጣሁላት» አልከኝና እንደዚያ ስትስቅ አይቼህ በማላውቀው ሳቅ ስቀህ ቀኝ እጅህን አነሣህ። ምስሉ እዚያው ላይ ደርቆ ቀረ። እጅህ ከትከሻህ ከፍ ብሏል፣ ጣቶችህ ገና ሊከፈቱ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ስልኩን ከመወርወር ያዳነኝ ሌላ ስልክ ስለሌለኝ ብቻ ነው።

የምንኖርባትን መኪና ከፎቶ በቀር አላየሃትምና ትንሽ ልንገርህ። ፍቃዱ የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍረውን ቡድን ይዞ ከወረዳ ወረዳ ይዞራል፤ እኔም በየከተማው ቤት ተከራይቼ እሱን መጠበቁ ሲሰለቸኝ አሮጌ ሚኒባስ ገዝተን ወንበሮቿን ነቅለን ቤት አደረግናት። ከኋላ አልጋችን ነው፣ መካከሉ ማድ ቤት ነው፣ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ደግሞ የእኔ ቢሮ አለ፦ ተጣጣፊ ጠረጴዛ፣ ላፕቶፕ፣ ከበስተኋላዬ የተወጠረ ጥቁር ጨርቅ። መሥሪያ ቤቴ አዲስ አበባ ሆኖ እኔ ሥራዬን የምሠራው ከዚህች ጠረጴዛ ነው። መስማት የተሳነው ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ በቪዲዮ ይደውልልኛል፤ እጁን እያየሁ ለሐኪሙ በአፌ እናገራለሁ፣ የሐኪሙን ቃል በእጄ እመልስለታለሁ። ድምፅ ቢቆራረጥ ሰው ገምቶ ይሞላዋል። እጅ ሲቆራረጥ ግን ምኑ ይገመታል?

አሁን ያለነው ጎግ ነው። የተቀበለችን አኬሎ የምትባል ባልቴት ናት፤ ቁፋሮው ከግቢዋ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ነው። ገና ከመኪና ሳንወርድ በራፏ ላይ ወዳለው ትልቅ ማንጎ በምርኩዟ እያሳየችን «መኪና እዚህ ቁም። እንግዳ ጥላ ነው የሚሰጠው» አለችን። እኔም የአገሩ ልጅ ነኝና ደስ እያለኝ ገባሁ። እዚህ ያደገ ሰው እንኳን ቤቱን ውሻውንም ፀሐይ ላይ አያስርም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኔትወርኩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ይታያል፣ አይታለብም። ኩባንያውን አማሁ፣ ደመናውን አማሁ፣ ራውተሩን አገላብጬ መታሁት፣ የሌላ ኩባንያ ሲም ጨመርኩ፤ ያው ነው። የአንተ እጅ አየር ላይ በቀረ ሰሞን አንዲት መስማት የተሳናት እናት ልጇን ታቅፋ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሰጥ ስትጠይቀኝ እሷም ደርቃ ቀረች። ሌላ ባልደረባዬ ተተካችና ነገሩ በደህና አለፈ። አለቃዬ ሶልያና ቁጣ የሚባል አታውቅም፤ በለሰለሰ አንደበቷ ኔትወርክሽ እስኪስተካከል የተቀረጸ ቪዲዮ ብቻ ትተረጉሚያለሽ አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ቀን ለፍቃዱ ምሳ ይዤ ሜዳውን ሳቋርጥ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ይንጫጫ ጀመር። ከጧት ጀምሮ የጠፋው መልእክት ሁሉ ባንድ ጊዜ ወረደ። ዘወር ብዬ ቤቴን ብመለከት በራሴ ሣቅሁ። ላይዋ እርጥብ የማንጎ ቅጠል፣ ከቅጠሉ ሥር ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ውስጥ ደግሞ ራውተሬ! ጣሪያዋ ላይ ያለው ሶላርም ጥላ ውስጥ ተኝቶ እንደ እኛ ሁዳዴን ይዟል። ኔትወርኩ ኖሯል፤ እኔ ነኝ የተደበቅሁት።

በማግስቱ አኬሎ ገበያ ስትሄድ ጠብቀን መኪናዋን አስነሣንና ሜዳው ላይ፣ ከሩቅ በሚታየው የኔትወርክ ታወር ትይዩ አቆምናት። ኔትወርኩ ተንበሸበሸ። አኬሎ ስትመለስ ባዶውን ጥላ አየች፤ እኛን አየች፤ ከዚያ በርጩማዋን አምጥታ ከመኪናችን ጎን ጠራራው ላይ ተቀመጠች። ወደ ጥላው እንድትገባ ለመንኳት። «እንግዳዬን ፀሐይ በላው። እኔ ጥላ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያያል፤ ምን በድላቸው ነው የሸሿት እንደሚል ያኔ ገባኝ። የተሰጠህን ጥላ ትተህ መውጣት እኮ የቀረበልህን ማዕድ ገፍተህ እንደ መነሣት ነው፤ ይህን ከሰው ሁሉ እኔ ማወቅ ነበረብኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ላቧ በግንባሯ ሲወርድ አላስችል ሲለኝ ፍቃዱን «መልሳት» አልኩት፤ መኪናዋም ወደ ማንጎዋ ተመለሰች።

ከዚያ አጠገቧ ተቀምጬ በእሷ አማርኛና በእኔ ስብርባሪ አኙዋክኛ ሁሉን ነገርኳት። ስለ አንተ ነገርኳት፣ ስለ ኮከብ ነገርኳት፣ አየር ላይ የቀረውን እጅህን በራሴ እጅ አሳየኋት። እሷም ሳታውቀው እጇን እንደኔ አንሥታ ትንሽ ቆየች። ከዚያም ራውተሩን በምርኩዟ እያሳየች «አንቺ እንግዳ ነሽ። ሣጥኑ እንግዳ አይደለም። ሣጥኑ ፀሐይ ይሂድ» አለች። እንዲህ ያለ ፍርድ ዳኛም አይሰጥም ብዬ ጉንጯን ሳምኳት።

ሣጥኑ ፀሐይ ሄደ፤ ቀትር ሳይደርስ ግሎ ዝም አለ። ራውተር ከጥላ ቢጣላም እሳት ላይ መኖር አይችልም። እኔም የሚሆነውን ሳስብ ዓይኔ የአኬሎ ጎተራ ላይ አረፈ፤ በእንጨት ከመሬት ከፍ ብሏል፣ ከሥሩ ነፋስ ይመላለሳል፣ ክዳኑ ደረቅ ሣር ነው። ደረቅ ሣር ደግሞ እንደ እርጥብ ቅጠልና እንደ ቆርቆሮ ኔትወርክ አይዝም። ፍቃዱ የጉድጓድ ቧንቧ አምጥቶ ሜዳው ላይ ተከለ፤ አብሮት የሚቆፍረው ዴንግ «ቧንቧ ውኃ ያወጣል አውቃለሁ፤ ኢንተርኔት ያወጣል አላውቅም» እያለ አሳቀን። የመንደሩ ሴቶች ሣሩን አሰሩልኝ፣ እኔ ሽቦውን አሰርኩ። ከዶሮ ቤት የማትበልጥ ጎተራ በቧንቧው ጫፍ ላይ ወጣች፤ ውስጧ ራውተሩ ሁለቱን ሲም ይዞ ተቀመጠ፤ ሶላሩ ከእግሯ ሥር ፀሐዩን ይጠጣል። ከእሷ እስከ ቤቴ ረጅም የኢንተርኔት ገመድ ዘረጋን። ሣጥኑ ሜዳ ላይ ይኖራል፣ እኔ በክብር በተሰጠኝ ጥላ ውስጥ እሠራለሁ። አኬሎ ሥራው ሲያልቅ ዞር ዞር ብላ አየችና «ቤት ሠራሽ። አሁን እንግዳ አይደለሽም፤ ከፈለግሽ ፀሐይ ላይ ሁኚ!» ብላ እስኪያስላት ሣቀች።

መሞከሩን ሞክሬዋለሁ። ለሶልያና ነግሬያት አንድ ሙሉ ሳምንት በቀጥታ ጥሪ ፈተነችኝ። ከሁሉ የማልረሳው አንድ አባት ነው፤ ልጁ ቀዶ ሕክምና ገብቶ ሐኪሙ ወጥቶ የሚነግረውን በእኔ እጅ ላይ ይጠብቃል። «ልጅህ ደህና ነው» ብዬ ስነግረው ዓይኑ እንባ ሲሞላ እንኳ በጥራት አየሁት። አንዲት ጣት አልጠፋችብኝም። ሶልያናም ወደ ቦታዬ መልሳኛለች። ከዚያ እሑድ በኋላ ወደ ሌላ ቀበሌ ብንሄድም ጎተራይቱን ነቅለን ጣሪያ ላይ ጭነን ይዘናት ነው የምንሄደው። ስለዚህ ኢንተርኔትሽ አያስተማምንም የሚለውን ቃልህን መልሰህ ዋጠው።

አሁን ሥራው የአንተ ነው። ያን እሑድ ስልኩን ሰው አያስይዝህ፤ ሰው ይርበተበታል። ራስህ በሠራኸው ማቆሚያ ላይ አቁመው። ጀርባህን ለመስኮት አትስጥ፣ ፊትህ ይጨልምብኛል። ያን ባለ መስመር ሸሚዝ አውልቅ፤ ባለ አንድ ቀለም ልበስ፣ እጅህ እንዲለይልኝ። ለኮከብ አባት ደግሞ በሽማግሌዎቹ በኩል አስቀድመህ አስነግርልኝ፦ ሲናገሩ ስልኩን ሳይሆን አንተን ይዩ። እኔ «እኔ» ስል አንተ ማለት ነው። «ልጅዎን ይስጡኝ» የሚባለው በእኔ አፍ ቢሆንም የሚለምነው ፊትህ ነው፤ ፊትህን ካዩ መልሱ አያስፈራኝም። አኬሎም የበኩሏን አድርጋለች፤ ያን ቀን ማንጎ ቆርቆሮዬን እየደበደበ እንዳያስደነግጠኝ ከጣሪያዬ በላይ ያለውን ሁሉ አስቀድማ እንደምታስለቅም ነግራኛለች።

በል እንግዲህ፣ ሰላምታዬን እንደምናውቀው አድርስልኝ። እማዬን የሻሿን ቋጠሮ ነካ አድርገህ ጉልበቷን ሳምልኝ። በእንጨት ሥራ ቤትህ አብረውህ የሚሠሩትን አናጢዎች በሙሉ እጅ ነሥቼአለሁ በልልኝ። ፍቃዱ ጢሙን እየጠመዘዘ ሰላም ብሎሃል። አኬሎም እጅ ስም ስጪኝ ብላኝ መዳፌን እንደ ማንጎዋ ጥላ ከራሴ በላይ ዘረጋሁላት፤ በዚያው እጇ ሰላም ትልሃለች። ሆዴ ውስጥ ያለው ገና ስም የለውም፤ እሱን የምታወጣለት አንተ ነህ።

ኮከብን ግን ሰላም በልልኝ ለማለት ስሟን አላውቀውም። በፊደል የሚጻፈውን አላልኩህም። በደብዳቤም እንዳትጽፍልኝ፣ ለማንም አስይዘህ እንዳትልክልኝ። ያን እሑድ ሽማግሌዎቹ ከመቀመጣቸው በፊት፣ ድምፅህን ለአባቷ ከማሰማቴ በፊት፣ መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ። እኔ ዘንድ እጅህ ገና አልወረደም። ካቆምክበት ቀጥል።

እህትህ ቤርሳቤ

ጎግ፣ ከአኬሎ ማንጎ ሥር
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.