ለእማማ ዲንቄ የተነሣሁ ዕለት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለጋሽዬ ሰይፈሥላሴ፣ ጅቡቲ።

ጤናህ እንዴት ነው? የጅቡቲ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? ያ ራስ ምታትህ ተወህ? ትበላለህ? ትተኛለህ? ይህን ሁሉ ጠይቂልኝ ያለችኝ እማዬ ናት፤ የእኔ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ያለ እኔ ማን ያስቅሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብን። ትንሹ አቢ ብቻ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ስምህን መጥራት አቅቶታል።

አሁን ወደ ወሬዬ። ስትሄድ የቼዝን አጨዋወት አሳይተኸኝ ሰሌዳውን ግን ይዘኸው ሄድክ፤ ይቅር ብዬሃለሁ። ቀሪውን ያስተማረኝ ባለሱቁ ከሊል ነው፣ እሱም ሳያውቀው። ለመጠቅለያ ብሎ በኪሎ ከገዛቸው አሮጌ መጻሕፍት አንዱ የራሽያኛ የቼዝ መጽሐፍ ኖሯል። አንድ ቀን የስኳሩን ወረቀት ስፈታው የቼዝ ሥዕል! መጽሐፉን ስጠኝ ብዬ ብለምነው፣ "ታዲያ ስኳሩን በእጅሽ ልስፈርልሽ?" አለኝ። ስለዚህ መጽሐፉን በየገጹ መሰብሰብ ጀመርኩ። ጨው ሲባል እኔ፣ ክብሪት ሲባል እኔ፣ ምስር ሲባል እኔ። እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ልብ ገዛች" እያለች አወራች። ራሽያኛውን ማን ያነበዋል? ሥዕሉን እያየሁ መፍትሔውን ራሴ እፈልጋለሁ። ካርቶን ላይ ሰሌዳ አሥምሬ፣ ሠላሳ ሁለት ቆርኪ ለቅሜ፣ በየቆርኪው ላይ የየስማቸውን ፊደል ጽፌ፣ ከራሴ ጋር ስጋጠም ከረምኩ።

ምን ዋጋ አለው፣ እማዬ የሒሳብ ደብተሬን ብትገልጥ ግማሹ ቼዝ ሆኖ አገኘችው። "ጋሽ ወልደገብርኤልን ካሸነፍሽ እንዳሻሽ ሁኚ። ከተሸነፍሽ ግን ቆርኪዎችሽ ሽንት ቤት ይገባሉ፤ ማትሪክ እስክትወስጂ ድረስ ቼዝ የሚባል ነገር በዚህ ቤት አይነሣም!" ብላ ፈረደች። ጋሽ ወልደገብርኤልን ታውቃቸዋለህ፤ የባቡር ጡረተኛው፣ በያደታ ፀጉር ቤት በረንዳ ላይ "ደርግ ከወደቀ ወዲህ ተሸንፌ አላውቅም" የሚሉት። ከዚያ በፊት ስለሆነው አይጠየቁም።

እኔም ከዚህ ቀደም ሁለቴ ገጥሜያቸው ሁለቴ ቀጥቅጠውኛል። ቤት በቆርኪ ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ ነገር እዚያ አይታየኝም፤ ለምን እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ነበር። በዚያ በረንዳ ወንበር የሽማግሌ ነው፤ ለልጅ የሚሰጠው ዱካ ነው። ዱካው ላይ ስቀመጥ ጠረጴዛው አገጬ ጋ ይደርሳል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገጠምን። ጋሽ ወልደገብርኤል "አንቺ ልጅ፣ ባቡር ሲመጣ ሐዲድ ላይ አይቆምም!" ብለው ፈረሴን በሉብኝ። ቆርኪዎቼ ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ በዓይኔ መጡብኝ። ልክ ያኔ እማማ ዲንቄ ዣንጥላቸውን ተመርኩዘው ብቅ አሉ። እንዳሳደጋችሁኝ ብድግ ብዬ "ኖር!" አልኩ። "በእግዜር፣ እደጊ ልጄ" አሉኝ። ልቀመጥ ጎንበስ ስል ዓይኔ ሰሌዳው ላይ አረፈ። ጋሽዬ፣ ከላይ ሲያዩት እኮ ያው የእኔ ካርቶን ነው! ለካ እኔ ቼዝ የተማርኩት ከወረቀትና ከቆርኪ ነው፤ ቁመት ያለው ወታደር አላውቅም። ዱካው ላይ ሆኜ ከፊት የተሰለፉትን እንጂ ከኋላቸው ማን እንዳለ አላይም ነበር።

ከዚያ ወዲያ በአቃቂ እንደ እኔ ሰው አክባሪ አልተገኘም። ቅዳሴ ወጥቷል፣ ሽማግሌው ይጎርፋል፤ ላለፈው ሁሉ ብድግ! ጋሽ ወልደገብርኤል ራሳቸው "ምን ያለች ጨዋ ናት! የሺሐረግ ልጅ ማሳደግ ታውቅበታለች" እያሉ እናታችንን አመሰገኑ። ከሊል ሲያልፍ እንኳ ብነሣለት፣ ለማን ነው ብሎ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። በዘጠነኛው ስነሣ የጋሽ ወልደገብርኤል ንጉሥ በገዛ ወታደሮቹ ታጥሮ ጥግ ላይ ተቀርቅሯል፤ የእኔ ንግሥት ደግሞ እስከዚያ ድረስ መንገዷ ወለል ብሏል። ቁጭ ብዬ ሰደድኳት። "ቼክሜት፣ ጋሼ። ይቅርታ" አልኩ። "መነጽሬን ቤት ረስቼ ነው" አሉ። መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ነበር።

እማዬ ስትሰማ "ሽማግሌ አዋርደሽ መጣሽ?" ብላ ተቆጣች። በነጋታው ግን ቆርኪዎቼን በሳሙና አጥባ በወተት ጣሳ ውስጥ አስቀምጣልኝ አገኘኋቸው።

ትናንት ጋሽ ወልደገብርኤል የመልስ ግጥሚያ ጠየቁኝ። እኔ ዱካዬ ላይ ሆኜ ሽማግሌ እስኪያልፍ ስጠብቅ፣ አቢ "እማዬ ትጠራሻለች" ሊለኝ እየሮጠ መጣ። ይኼኔ ጋሽ ወልደገብርኤል ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ለአቢ! ለሰባት ዓመት ልጅ! "ኖር፣ ጌታው!" አሉት። እሱም በዚያ በወላቃ አፉ፣ ኮራ ብሎ "በእግዜር" አላቸው። በረንዳው ሁሉ ሽማግሌው አበዱ ብሎ ሲያይ፣ እሳቸው ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ቃኙት። ቀጥለው እኔን አዩኝና ጠቀሱኝ። "ደርሼብሻለሁ" አሉ።

ከዚያ ወንበሩም ዱካውም ቀረ። ሁለታችንም ቆመን ተጫወትን፤ እኩል ወጣን።

እማዬ ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ ትልሃለች። አቢ ከሰላምታ ጋር ከረሜላ ላክ ይላል፤ ጥርስ የለውም ብለህ አትራራለት። የቤት አከራይህን እትዬ ሐጀራን እጅ ንሣልኝ፤ አብሮህ የሚኖረውን ሳዲቅንም ሰላም በልልኝ። ያን ሰሌዳ ደግሞ አዘጋጀው፤ ስትመጣ ወንበሩን ለአንተ እለቃለሁ፣ እኔ እቆማለሁ።

እህትህ እየሩሳሌም
አቃቂ፣ ግንቦት 12 ቀን 1989 ዓ.ም.