ንብ ያልነበረበት ቤት

ውድ ፈርዶሳ፣

ሰላማጎ፣ ሃና ከተማ ላይ ኔትወርክ እንደማይሠራ አውቃለሁ። ቢሠራም ይህን በስልክ ለመናገር አፍ የለኝም። ከከብት ክትባት ዘመቻው ስትመለሺ ጂንካ ላይ ያገኘሽ ሰው ሁሉ ስለ ንቦቹ ይጠይቅሻል። እባክሽ ከእንግዲህ ስለ እኔ ብለሽ አትዋሺ፤ ሁሉም ሰው አውቋል። እንዴት እንዳወቁ ከሌላ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። ሌላው የሚነግርሽ ግማሹን ብቻ ነው።

ለሰርጌ የሸኛችሁኝ ዕለት ቢሮው በሙሉ መናኸሪያ ድረስ ወጥቶ እልል አለልኝ። አንቺ ደግሞ ከዋዜማው ጀምረሽ «የእኛ ሰፈር ልጅ ባዶ እጇን አትዳርም» እያልሽ እጄን ሂና ቀብተሽኝ ነበር። አውቶቡሱ ቀይ አፈር ከተማ ላይ ለምሳ እንደቆመ ያቤጽ ደወለ። የት እንደደረስኩ ሊጠይቀኝ መስሎኝ እየሳቅኩ አነሳሁት። «ሰኒ፣ አትምጪ» አለኝ። ሌላ ሴት አለች። ሽማግሌዎቹም ሰርጉ መቅረቱን ለአባቴ ሊነግሩ ደብረ ብርሃን ሄደዋል።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ሻንጣዬን አስወርጄ ማርና ቅቤ ከሚሸጡት የበና ሴቶች አጠገብ ቁጭ አልኩ። አንዷ እጄን አይታ «ሙሽራ! ሙሽራ!» እያለች ጓደኞቿን ጠራች። ወደ ደብረ ብርሃን መሄድ አልችልም፤ ያ ሁሉ እልልታ ከተሰማበት መናኸሪያም በዚያው ቀን ሳልዳር ተመልሼ መውረድ አልችልም። ሲመሻሽ በአይሱዙ ተጭኜ፣ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ተመለስኩ። የፊት በሩን ጓጉንቸር ሳልነካ በሙዝ ተክሉ በኩል ዞሬ በጓዳ በር ገባሁ። ለእናቴ «ደህና ነኝ፣ ለጥቂት ቀን ተዉኝ» አልኳትና ስልኬን አጠፋሁት። ፈቃዴ እስኪያልቅ ልደበቅ ነበር ሐሳቤ። ከዚያ በኋላ ስላለው አላሰብኩም።

የቢሯችንን ልማድ ግን እንዴት እንደረሳሁት እንጃ። ሙሽራ ከሰርጉ ሳይመለስ ቤቱን አሰናድተን እንጠብቀው የለም? ሾፌራችን ተገኝ ያገባ ጊዜ ወንበር ላይ ወጥቼ መጋረጃ የሰቀልኩት እኔ አልነበርኩም? እናንተም ለእኔ ያንኑ ልታደርጉ ተነሳችሁ። አንቺ ከአከራያችን ከዳጊ እናት ትርፍ ቁልፍ ተቀብለሽ፣ መጥረጊያና የቀለም ባልዲ ይዘሽ ከሁሉም ቀድመሽ መጣሽ።

በሩ ሲከፈት ፍራሼ ላይ የመስክ ጃኬቴን ለብሼ፣ ኮቸሮ በውኃ እየነከርኩ እበላ ነበር። ባልዲው ከእጅሽ ወደቀ።

«ያ ረቢ! ሰኒ? አንቺ ነሽ? ወላሂ ሌባ መስሎኝ!»

እኔ ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ። «ማን ግቢ አለሽ! ሰው ሲዋረድ ማየት አምሮሽ ነው?» አልኩሽ። ውጪልኝም አልኩሽ። አንቺ አልወጣሽም። እጄን ነበር የምታይው። ሂናው አልለቅ ብሎኝ በሳሙናና በአመድ ስፈገፍገው ቆዳዬ ተልጦ ነበር። ብርድ ልብሱ ስር ደበቅኩት።

ወዲያው የተገኝ መኪና ጥሩንባ ተሰማ። የዕቃ ማስቀመጫ ቡፌ ጭነው፣ የሰርግ ዘፈን እየዘፈኑ፣ እያጨበጨቡ መጡ። አሁን ያባረርኩሽ እኔ እግርሽ ላይ ወደቅኩ። «እንዳያዩኝ! ፈርዲ፣ በእናትሽ እንዳያዩኝ!» አልኩሽ። ሻሽሽን ፊትሽ ላይ ጠቅልለሽ እየጮኽሽ ወጣሽ።

«እንዳትገቡ! ንብ! ቤቱን ንብ ወርሶታል!»

ከበሩ ኋላ ሆኜ ጀርባሽን በመጥረጊያ ስትደበድቢ ሰማሁሽ። ተገኝ ቡፌውን መንገድ ላይ ጥሎ ሮጠ። የዳጊ እናት ደግሞ «ገድ ነው! የሙሽራ ቤት ንብ ገባበት!» እያለች እልልታዋን አቀለጠችው። በሩን መልሰሽ ቆለፍሽና ሁሉንም ይዘሻቸው ሄድሽ።

ከሰዓት በኋላ በጓሮ ሾርባና ሳምቡሳ ይዘሽ ስትመለሺ ፊትሽ አመድ መስሎ ነበር። «ሰኒ፣ ጉድ ሆነናል። ታምራትን ረስቼው!» አልሽ። ታምራት፣ የንብ ባለሙያችን! ወደ አሪ ቀበሌዎች ለመስክ ወጥቶ ስለነበር ከዐይንሽም ከሐሳብሽም ጠፍቷል። «ግብርና ቢሮ እየሠራሽ በንብ ትዋሻለሽ? ጅብ ገባ ብትይ ምን ነበረበት?» አልኩሽ። አፋችንን በእጃችን አፍነን ሳቅን። ያቤጽ ከደወለ ወዲህ የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው። ታምራት ሰኞ ሲገባ «መንጋው ራሱ ተነስቶ ሄደ» ልትይው ተስማማን። እስከዚያው በየማታው በሙዝ ተክሉ በኩል ምግብ አመላለስሽልኝ። አንድ ቀን እንኳ «ምን ሆነሽ ነው?» ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ የነገርኩሽን ብቻ ሰማሽ።

ከዚያ ሰላማጎ ላይ የከብት በሽታ ገባና ሰኞ ገና ሳይነጋ ክትባቱን ይዘሽ ወደ ሃና ወጣሽ። ታምራትን ሳታገኚው ቀረሽ።

እሱማ ሰኞ ረፋዱ ላይ ደስ ብሎት መጣ። አዲስ ቀፎ በተገኝ አሸክሞ፣ መረቡን ፊቱ ላይ አጥልቆ፣ ማጨሻውን ይዞ። ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ትንፋሼን ዋጥኩ።

«ድምፅ የላቸውም። ደክሟቸው ይሆናል። ትንሽ ጭስ ልስጣቸው» አለ።

በበሩ ስር የላከው ጭስ ጉሮሮዬን ያዘው። በትራስ ባፍነው ባፍነው እምቢ አለኝ፤ አሳለኝ።

«ንብ ሲያስል ሰምቼ አላውቅም» አለ ታምራት።

«ሰው አለ!» አለች የዳጊ እናት። «ፈርዶሳ በየማታው በጓሮ ሳህን ይዛ ስትገባ አይቼ እኔ ሞኟ ለንቡ ስኳር በውኃ የምታቀርብ መስሎኝ!»

«ወንድ ነዋ! ሌላ ማን ይሆናል?» አለ ተገኝ።

«በሰው ሙሽራ ቤት? ኒካሗ ደርሶ? የእጮኛዋ የአብዱልፈታሕ እናት ይኼን ብትሰማ!» አለች የዳጊ እናት።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ስለ አንቺ የተባለውን ሁሉ እዚህ አልጽፍልሽም። የቢሮ ሰዎች፣ እጅሽ ላይ ቡና የጠጡ ሰዎች፣ «ጨዋ ትመስል ነበር» አሉ። አንዱ በሩን እንስበረው አለ። ሌላዋ መጀመሪያ ወንድሟ ይጠራ አለችና ወደ አሕመድ ሱቅ ሰው ተላከ።

አሕመድ መጣ። በሩ ፊት ሲቆም ጥላው በስንጥቁ ገባ።

«እህቴ ንብ አለ ካለች ንብ አለ» አለ። «ይህን በር የሚነካ ሰው መጀመሪያ እኔን ይንካ።»

ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ፈርዲ። እሱም ንብ እንደሌለ ገብቶታል። ውስጥ ወንድ አለ ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ፈርቶም ቆመልሽ።

ያኔ በጓዳ ወጥቼ በጓሮ ዞርኩ። ጃኬቴን እንደለበስኩ፣ ጠጉሬ እንደተንጨባረረ፣ የተላጠ እጄን ሳልደብቅ ፊታቸው ቆምኩ። «ንብ የለም፤ እኔ ነኝ ያለሁት። ሰርጉ ቀርቷል። ፈርዶሳ እኔን ነው የደበቀችው» አልኩ። ታምራት መረቡን ከፊቱ ገፈፈ። የዳጊ እናት አፏን በነጠላዋ ያዘች። አሕመድ ባዶው ቀፎ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

የሚነግሩሽ እስከዚህ ድረስ ነው። ቀሪውን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

የዳጊ እናት ዐይኗን ማየት አቅቷት «ይኼን ሁሉ ስንዘባርቅ አልሰማሽም እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። «ተኝቼ ነበር። የአሕመድ ድምፅ ነው የቀሰቀሰኝ» አልኩ። ሁሉም እፎይ አሉ፤ እነሱም ያሉትን ያልሰማ ሰው ይፈልጉ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ቤቴ እንግዳ አልተለየውም። የቀለሙን ባልዲ ከፍተው ግድግዳዬን ቀቡልኝ፤ ታምራት ራሱ ቡፌውን ተሸክሞ አስገባ። ስለ ያቤጽ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም። «ለጓደኛዋ ስትል ውርደቷን ይዛ ወጣች» ይሉኛል። አሕመድ «ለእህቴ ክብር የቆመች እህቴ ናት» ብሎ ስኳርና ዱቄት ላከልኝ። እስካሁን አልፈታሁትም።

አልተኛሁም ነበር፣ ፈርዶሳ። ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ ሰምቻለሁ። «ወንድ ነዋ» ሲሉ ሰምቻለሁ። የአብዱልፈታሕን እናት ሲጠሩ ሰምቻለሁ። ወደ አሕመድ ሱቅ ሰው ሄዶ፣ አሕመድ ሱቁን ዘግቶ፣ ያን ዳገት ወጥቶ እስኪመጣ ድረስ እጄ የጓዳው በር መወርወሪያ ላይ ነበር። መሳብ ብቻ ነበር የቀረኝ። «ፈርዲ ብልጥ ናት፣ ስትመለስ አንድ መላ ትፈጥራለች» አልኩ ለራሴ። ይህን ፍርሃት ብለን እንለፈው፤ ፍርሃት ያጋጥማል።

ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ኒካሕሽ ሲነሳ፣ ሊፈርስ ይችላል ሲሉ፣ ለቅጽበት ደስ አለኝ። እኔ ብቻ አልሆንም አልኩ። እጄን ሂና የቀባሽኝ፣ ሳምቡሳ በጭለማ ያመላለስሽልኝ አንቺ እንደ እኔ ብትሆኚ ብዬ ተመኘሁ። እውነት ስለሆነ ጻፍኩት። ያቤጽ ያደረገብኝን ለሰው ብናገር ሰው ያዝንልኛል። ይህን ብናገር ማን እንደሚያዝንልኝ አላውቅም። እንድታዝኚልኝም አይደለም የጻፍኩልሽ። በስሜ የሚነገረውን ምስጋና ስትሰሚ እንዳታመኚው ብዬ ነው።

ነገ የአሕመድ መኪና ጨው ጭኖ ወደ ሃና ይወጣል፤ ራሱ ነው የሚሄደው። ይህን ደብዳቤ በእሱ እጅ እልክልሻለሁ። ፖስታውን አላሸግኩትም። «መጀመሪያ አንተ አንብበው» ብዬ ነው የምሰጠው። ካነበበው በኋላ ሊያደርስልኝ ከፈቀደ ይደርስሻል።

ሰናይት