ቀይ ቀለም ያልነካት ሞላ

ማርቆሴ፣

ካንተ ከተለየሁ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ፓስተራችን ሙታን ደብዳቤ አያነቡም ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግን ሞቶ አላየውም። ስለዚህ ለማንኛውም ልጻፍልህ።

እኛ ደህና ነን። ትልቋ አስረኛ ክፍል ገብታለች። ትንሹ ሲስቅ ልክ እንዳንተ ስለሆነ አንዳንዴ ከጓዳ ሮጬ እወጣለሁ። የጓሮውን በር ቁልፍ ቀይሬያለሁ፤ የድሮውን ተከራዩም ይዞት ነበር፣ አሁን ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ይህን ብትሰማ ራስህን እንደምትነቀንቅ አውቃለሁ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ባልኩ ቁጥር፣ አስቴር አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ለአንተ ሰው ሁሉ ጨዋ፣ ዕቃ ሁሉ ኦርጅናል ነበር። ለሁለታችንም የምጠረጥረው እኔ ነበርኩ።

ዛሬ የምጽፍልህ በመኪናዋ ምክንያት ነው። አሮጊቷ ላንድክሩዘርህ ካንተ ወዲህ ወደ ኋላ ቀኟ አዘንብላለች። አንድ እግሩን እንደሚያመው ሰው ነው የምትቆመው። እናትህ ደግሞ አሁንም ከሆመቾ ከተማ ወዲያ ካለው ቤቷ ንቅንቅ አልልም ብላለች፤ እንሰቴን ለማን ጥዬ ትላለች። የስኳር ክትትሏ ግን እዚህ ሆሳዕና ስለሆነ በየወሩ የማመላልሳት እኔ ነኝ። አምና ሐምሌ ላይ የመኪናዋ ሆድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ጎማዎቹ ጭቃ እየረጩ፣ እናትህ ውስጥ ሆና በሀዲይኛ ስትጸልይ፣ የሰፈሩ ወንዶች ገፍተው አወጡን። ያን ቀን ሐኪሙን ሳናገኘው ቀረን። ዘንድሮም እንዲህ ከሆነ ክትትሉ ይቋረጣል፤ ከተቋረጠ ደግሞ እናትህን ካንተ አጠገብ መቅበሬ ነው። ስለዚህ መኪናዋን ከፍ ላደርጋት ቆረጥኩ።

ከዚያማ አማካሪው በዛልኝ። ወንድምህ ጴጥሮስ በጣም ከፍ ትበል፣ ሞላዋም ጠንካራው ይሁን አለኝ። ሞላ ማለት ያቺ መኪናዋን ከጎማው በላይ የምትሸከማት ጠምዛዛ ብረት እንደሆነች እኔም እስከዛሬ አላውቅም ነበር፤ አሁን በሕልሜም አያታለሁ። ጴጥሮስ እንደሚለው ጠንካራ ሞላ ከሆነላት ስንመለስ ድንች መጫን ይቻላል። የማን ድንች እንደሆነ አልነገረኝም። መኪናዋን ለመውሰድ መንገድ እየጠረገ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

የመለዋወጫ ሱቁ ሰውዬ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሞላዎችና የሞላውን ንጥረት የሚያበርዱ ሾክ አብዞርበሮች አወጣልኝ። ኦርጅናል የሚል ወረቀት በሁለት በኩል ተለጥፎባቸዋል። እውነተኛ ዕቃ ስሙን ሁለት ጊዜ ምን ያስጠራዋል? በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ተላጠ። ሰውዬው የያዝኩትን የቀርከሃ እንጨት አይቶ ምን ልትለኪበት ነው ብሎ ሳቀ። እናትህ በርጩማዋ ላይ ቆማ እግሯን እስከምታነሳበት ቁመት ድረስ የቆረጥኩት እንጨት ነበር። መኪናዋ ከዚያ በላይ ከፍ ካለች ጭቃውን እናልፍ ይሆናል፣ እናትህ ግን አትወጣም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

መካኒክህ ጋሽ ሄራሞ ግን እንጨቴን አይቶ አልሳቀም። ትንሽ ብቻ ከፍ እናርጋት፣ ሞላው መካከለኛ ይሁን፣ ለድንች የተሠራ ሞላ ባዶ መኪና ላይ የአሮጊት አጥንት ይሰብራል አለኝ። ሾኩም ለአዲሱ ቁመት የሚበቃ መሆን አለበት፤ በአሮጌው አጭር ሾክ ከተሄደ መንገዱ ባነጠራት ቁጥር ይጎትታታል አለ። ንግግሩ ሁሉ ልክ መሰለኝ። ልክ ሲመስለኝ ደግሞ ይበልጥ ጠረጠርኩ። ጋራዥ አዲስ ሞላ አስገብተህ አሮጌ ተገጥሞልህ ትወጣለህ ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ዕቃውን ራሴ ከሌላ ሱቅ ገዝቼ፣ ለጋሽ ሄራሞ ከመስጠቴ በፊት እያንዳንዱን በጥፍር ቀለም ምልክት ላደርግበት አሰብኩ። የት ላይ ቢቀባ እንደማይታይ ለማወቅ ደግሞ መጀመሪያ ነባሮቹን ልይ ብዬ ካርቶን ዘርግቼ ከመኪናዋ ስር ገባሁ።

ማርቆስ፣ እዚያ ቀድመኸኝ ነበር። በጭቃው መካከል፣ በሞላው ውስጠኛ በኩል፣ የጣት ጫፍ የምታህል ቀይ ነጥብ አየሁ። ቀለሟን አውቃታለሁ። ለጴጥሮስ ሰርግ ገዝቻት የጠፋችብኝ የጥፍር ቀለም ናት። ቤቱን ሁሉ ስገለብጥ አብረኸኝ ትፈልግ አልነበር? አልጋ ስር ገብተህ፣ አቧራ በአቧራ ሆነህ ወጥተህ፣ የለችም ብለኸኝ አልነበር? ሰው ሁሉ ጨዋ ነው የምትለው ሰውዬ! በጀርባዬ እንደተኛሁ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሳቄ ግን ወዲያው ቆመ። በሦስቱ ሞላዎች ላይ ነጥቧ አለች፤ በኋላ ቀኟ ላይ የለችም። መኪናዋ የምታዘነብለው በዚያው በኩል ነው። በለቅሶው ሰሞን መኪናዋን ሲነዳ የነበረው ጴጥሮስ ነው። በቃ፣ ያንተን ሸጦ አሮጌ አስገብቷል፣ ተያዘ አልኩ።

ለጴጥሮስ ግን ትንፍሽ አላልኩም። መጀመሪያ ጋሽ ሄራሞን ጠርቼ ነጥቦቹን አሳየሁትና ፊት ፊቱን አየሁት። ሳቀ። ከዚያ ያልተቀባችውን ሲያይ ቆቡን አወለቀ። ስትቀባ አይቶህ ኖሯል። ያላየ መስሎ ዞር አለ እንጂ ቅር ብሎት እንደነበር አልደበቀኝም። ቢሆንም ከዚያ በኋላ መኪናዋን ባሳጠበ ቁጥር ነጥቦችህ እንዳይፋቁ ይጠነቀቅ ነበር።

የኋላ ቀኟ የተሰበረችው አንተ ራስህ ከእናትህ ዘንድ ስትመለስ ነው አለኝ። አዲስ ስላልተገኘ ያገለገለች አስገባህ። ተገጥማ ስታልቅ ካርቶን ዘርግተህ ተንበረከክህ፤ መተኛት ግን አቃተህ። ትንፋሽህ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ጋሽ ሄራሞ ልቀባልህ ወይ ሲልህ እንደ ልጅ አፈርክ። ጎማ ላይ ተቀምጠህ፣ ተወው ሄራሞ፣ ይህቺን እንኳን አምኜህ ልሂድ አልከው።

እኔ ይህን ሁሉ ዝም ብዬ የማምን ነኝ? የመሣሪያ ቦርሳህን አራገፍኩት። ጠርሙሷ በአሮጌ ካልሲ ተጠቅልላ ተገኘች። ወደ ብርሃን አነሳኋት፤ ከግማሽ በላይ ነበረች። ያለቀው ቀለሙ አልነበረም።

ያን ከጋራዥ የተመለስክ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ነው የመጣሁት ብለኸኝ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስህ ጠረጴዛ ላይ ስለነበር አላመንኩህም፤ ብዙ ነገር ጠረጠርኩ። መታመምህን ብቻ አልጠረጠርኩም። ቦርሳውን ታቅፌ አለቀስኩ። ተናደድኩብህም። ለሄራሞ የታየ ድካም ለእኔ እንዴት ተደበቀ?

መካከለኛዎቹን ሞላዎችና የሚስማማቸውን ሾክ ጋሽ ሄራሞ ገጠማቸው። አሁን ቀጥ ብላ ቆማለች። ባለፈው ሳምንት ያን የአምናውን ድንጋይ ሆዷን ሳይነካት አለፍነው። እናትህ በርጩማዋን ረግጣ በራሷ ወጣች፤ መንገዱ ላይ ደግሞ በሀዲይኛ፣ ይህን መንገድ ማን ሠራው ብላ ጠየቀችኝ። ልጅሽ አልኳት። ሐኪሙንም በሰዓቱ አገኘነው። ጴጥሮስን ከሞላዋ ጉዳይ ነፃ አውጥቼዋለሁ፤ ስለ ድንቹ ግን ገና ነኝ።

ቀለሟ ደርቃ ስለነበር በአሴቶን አቀጠንኳትና ከመኪናዋ ስር ገባሁ። ከአዲሶቹ ሞላዎች ሦስቱን አንተ በቀባህበት ቦታ ቀባኋቸው። የኋላ ቀኟን ግን ልቀባ እጄን ዘርግቼ መለስኩት። እሷ ያንተ ትሁን፤ አንተ አሮጌዋን እንደተውካት ሳትቀባ ትቆይ። መኪናዋ ጋራዥ በገባች ቁጥር ጎንበስ ብዬ ቀድሜ የማያት እሷን ነው፤ እስካለሁ ድረስ እንዲህ አስብሃለሁ።

ለጋሽ ሄራሞ ግን፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ አራቱንም ቀብቻለሁ ብዬዋለሁ።

ያንተው አስቴር