«እንብላ» ስንላቸው ቁጭ አሉ

ማክሰኞ፣ ጁን 10 ቀን 2014

ከሥራ ስገባ ሉሊት ልትወጣ መኪና አስነስታለች። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «እራትህ ምድጃው ላይ ተከድኗል» አለችኝና ሄደች። እኔ ቀን ተሳፋሪ ከኤርፖርት ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያመላልስ ሻትል እነዳለሁ፣ ሚስቴ ማታ ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል በሽተኛ ታገላብጣለች። ስንት ዓመት ሆነን እንዲህ በር ላይ ስንተላለፍ?

አሁን ደግሞ የማታው ፈረቃ ኃላፊ ሁኚ ብለዋታል። ሰኞ ከምንወጣው የዓመት እረፍት ስትመለስ መልስ ትሰጣለች። ከተቀበለች እስከ ጡረታ ማታ ነው። እሑድ ከቸርች ስንመለስ «ምን ታስባለህ?» አለችኝ። «አንቺ እንዳልሽ» አልኩ። ምን የሚሉት መልስ ነው? እንዳልጫናት ብዬ ነው... በልቤ ግን እንቢ በያቸው እያልኩ ነበር።

ምስር ወጥ ነው። ቆሜ በላሁ።

ዓርብ፣ ጁን 13

ልጃችን ኑሃሚን ደወለች። «ዳድ፣ ለእረፍታችሁ ቦታ ቡክ አድርጌላችኋለሁ። ካንስል አይደረግም።»

ከአትላንታ ብዙ የሚያስነዳ ትንሽ የባሕር ዳርቻ ሰፈር ነው አሉ። አንድ መንገድ፣ አንድ ሱቅ፣ ከዚያ ውጪ ሻንጣቸውን በጀርባቸው አዝለው አገር የሚዞሩ ወጣቶች የሚያድሩበት የእንጨት ቤት። አምና ከጓደኞቿ ጋር ሄዳ ወዳዋለች።

«እኛ እዚያ ምን እንሠራለን?»

«ናቲንግ። ፖይንቱ እሱ ነው፣ ዳድ።»

በዚህ ዕድሜዬ ምንም አለመሥራትን ልማር?

ሰኞ፣ ጁን 16

ደረስን። ሉሊት መንገዱን በሙሉ ተኝታ መጣች። የምግብ ማቀዝቀዣ ኩለሩን ለሠርግ ያህል ሞልታዋለች፤ እንጀራው፣ ዶሮው፣ ቋንታው፣ አይቡ። «እዚያ ምግብ የለም?» ብላት «የእነሱ ምግብ ያጠግባል እንዴ?» አለች።

ክፍላችን ጠባብ ግን ንጹሕ ነው። ኩሽናው የጋራ፣ ሻወሩም የጋራ... ይቺን ኑሃሚን አልነገረችንም። በረንዳው ሁሉ እርጥብ ፎጣ ተሰጥቶበታል። ሰው ሁሉ ባዶ እግሩን ነው፣ እኔ በካልሲና በቆዳ ጫማ። ሁሉም ሰላም ይለኛል። ለጊዜው ቅር አላለኝም።

ማክሰኞ፣ ጁን 17

ዛሬስ ጉድ ሆንን!

ጃንጥላችንን ተክለን፣ ምሳ አቅርበን፣ ሉሊት ጸልያ ገና አንድ ጉርሻ ስንጎርስ አራት ልጆች ሻንጣቸውን አዝለው ባጠገባችን አለፉ። ሰው እያየኝ እንዴት ዝም ብዬ እበላለሁ? በእንግሊዝኛ «ኑ፣ እንብላ» አልኳቸው። አገር ቤት ቢሆን «ብሉ፣ ይመስገን» ተብሎ ይታለፋል። እነዚህ ተያዩና ሻንጣቸውን አውርደው ቁጭ አሉ። አራቱም!

ዶሮው አለቀ። እንቁላሉን አንዱ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ዋጠው። ቋንታው ተከተለ። የአራት ቀን ስንቅ በአንድ ምሳ። ኢነስ የምትባል የፖርቱጋል ልጅ ጣቷን እየላሰች «ሌላ አለ?» አለች።

ቀና ስል ሉሊት አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆየ... ዶሮው አይቆጨኝም።

ረቡዕ፣ ጁን 18

ልጆቹ ዓሣ ገዝተው መጡ፤ ዛሬ በተራችን እናብላችሁ አሉ። ሉሊት በጋራው ኩሽና በሚጥሚጣ ጠበሰችው። በረንዳው ላይ ሁላችንም በላን። ኢነስ ሉሊትን ትናንት ለምን እንደሳቀች ጠየቀቻት።

«እኛ ዘንድ መጀመሪያ ሲጠየቁ እሺ አይባልም» አለቻት ሉሊት።

«ብትፈልጊስ?»

«ብፈልግም።»

«ታዲያ መፈለግሽ በምን ይታወቃል?»

«ይለመናላ። ደጋግሞ። በሞቴ ይባላል።»

ኢነስ ቃሉን እየደጋገመች አጠናችው። ሉሊት ወደኔ እያየች «ባሌ ይገዙ ግን አሜሪካዊ ሆኗል። አንዴ ይጠይቅና ይተዋል» አለች። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ኋላ ግን አልለቀቀኝም። አምና «ማታውን ብትተዪውስ?» ብያት ነበር። «ምን ሆንኩ ብለህ? ለምጄዋለሁ» አለች። እኔም ከወደደችው ብዬ ዝም አልኩ። ለካ እስክለምናት ስትጠብቅ ኖራለች? እንዴት ይሄን አጣሁት? እንግዳን እለምናለሁ፣ ሚስቴን አንዴ!

ሐሙስ፣ ጁን 19

ጫማዬን አወለቅሁ። ሱሪዬን ጠቅልዬ፣ እሷም ቀሚሷን ሰብስባ፣ ውኃው ቁርጭምጭሚታችን ላይ እስኪደርስ ገባን። ለብ ያለ ነው።

«ሉሊት፣ ያንን ሥራ እንቢ በያቸው።»

«ምንም አይለኝም፣ ለምጄዋለሁ።»

በሌላ ቀን ቢሆን እዚሁ ላይ አበቃ ነበር።

«ቀን ሥሪ። እራት አብረን እንብላ።»

«ለእራት ብለህ ነው? ምድጃው ላይ አስቀምጥልህ የለ።»

«ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል። ናፍቀሽኛል። በሞቴ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። የኔም።

«ይሄን ለማለት እዚህ ድረስ መንዳት ነበረብህ?»

እሺ አላለችም። እንቢም አላለች። ክንዴን ይዛኝ ተመለስን።

ዓርብ፣ ጁን 20

ልንነሳ ስንል ኢነስ ራሷ የጋገረችውን የሙዝ ዳቦ ይዛ መጣች። ሉሊት «ኧረ ተዪው» አለቻት። «በሞቴ» አለች ልጅቷ። ተቀበለቻት፣ አቅፋም ሳመቻት። ሲመለሱ በአትላንታ ካለፉ ቤታችን እንዲያድሩ ነገርኳቸው። አንዴ ነው የተናገርኩት፤ እነሱ እንደሆኑ ይመጣሉ።

ሰኞ፣ ጁን 23

አለቃዋን ለማነጋገር ቀደም ብላ ወጣች። ምን እንደምትል አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅሁም፣ ልመናዬን ጨርሻለሁ። ሐሳቤ ከእሷ ጋር ሆኖ ዛሬ ሁለት ተሳፋሪ የሌላ ሰው መኪና ጋ አወረድኩ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8

ከሥራ ገባሁ። መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ሞተሩ ቀዝቅዟል። ምድጃው ላይ የተከደነ ነገር የለም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰው የሚበላበት ትሪ ቀርቧል። የቀን ፈረቃ ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ እግሬ አለቀ ትላለች፣ ግን የፊቷ ወዝ ተመልሷል። ስለ አዲሷ አለቃዋ ስታወራ፣ ስታማ፣ እኔ ስሰማ... ወጡ በረደ።

«ልጨምርልህ?»

«በቃኝ» አልኩ፣ እንደ ወጉ።

ድስቱን አንስታ ወደ ኩሽና ሄደች። «እኔም አሜሪካዊ ሆኛለሁ፣ አንዴ ነው የምጠይቀው» አለች ከዚያው ሆና። እንጀራዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ረሃቤ አልወጣልኝም። ልጥራት? ልተው?

ትንሽ ቆይታ ድስቱን እንደያዘች ብቅ አለች።

«በሞቴ» አለችኝ።

ትሪውን አቀረብኩላት።