ሲሃም አጥባ የመለሰችው ጨርቅ

ልጄ ፈሪድ፣ አላህ ባለህበት በሰላም ያኑርህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል።

ትተኸው የሄድከውን ሞተር የሸጠልህ ድርጅት ጠግኖ በመለሰልን ማግስት፣ እህትህ ሲሃም ወደ ወለንጪቲ ስትሄድበት ቆመባት። ጭኖ የሚመልስ ፒክአፕ ጠራች። ሹፌሩ ደርሶ ገመዱን ሲፈታ እሷ የአየር ማጣሪያውን ከፈተች። የድርጅቱ ሰዎች ሲጠግኑ አቧራ እንዳይገባ ብለው ወትፈው የረሱት ጨርቅ ከውስጥ ወጣ። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ፤ ፒክአፑ ባዶውን ተመለሰ።

ጨርቁን አጥባ፣ በካውያ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ወሰደችላቸው። «ዕቃችሁን እኛ ጋ ረስታችሁ ነው» አለቻቸው። አብሬያት ነበርኩ፤ አንዱም ቀና ብሎ አላያትም።

ዱዓዬ አይለይህ። ለእኔ ሽቶ አትላክ፤ ለእሷ ጥሩ መፍቻ ላክላት። ሞተሩ ይሸጥ ያልከኝን አልነገርኳትም፤ አንተም አትድገመው።

እናትህ መሪማ