የራሊትሳ መንገድና የደበቅኩት መታወቂያ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ቬሴላ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የጎረቤታችንን የሚንካን ነገር ልንገርሽ፤ በደወልሽ ቁጥር ትጠይቂኛለሽና። ከደረጃ ወድቃ የተሰበረው ዳሌዋ ተጠግኖላት ዛሬ በምርኩዝ እስከ አጥራችን ድረስ መጣች። ልጇ ከጀርመን መጥቶ ሁለት ሳምንት አስታመማት። ባሏ ጋሽ ስቶይልም ሾርባ መሥራት ተምሯል፤ ጨው የሚባል ነገር ግን አያውቅም ትላለች። አንቺስ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ባልሽ ኮልዮስ ሥራው እንዴት ይዞታል? የልጅ ልጅሽ ትንሿ ዳፍና አደገች? የቫሌንሲያ ሙቀትስ በረደላችሁ? ከእኔ ልብ በቀር እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ይኸውልሽ፣ ልጄ ራሊትሳ በባቡር አውሮፓን ላቋርጥ ነው ብላ ተነስታለች። ብቻዋን! በድንበራችን ከተማ በሩሴ አድርጋ ቡካሬስት፣ ከዚያ ቡዳፔስት፣ ቪየና፣ ፓሪስ፣ መጨረሻዋ አንቺ ደጃፍ። የምትነሳው ኦክቶበር ሦስት ሐሙስ ነው። ካርታውን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋ መንገዱን በቀይ አስምራበታለች፤ ወተት ላወጣ በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ እሱ ላይ ያርፋል። ቡዳፔስት ላይ ባቡር የምትለውጥበት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። ቢያመልጣትስ? እንቅልፍ ጥሏት የማታውቀው አገር ብትነቃስ? ጌንቾን "አባት አይደለህም? ተናገራት እንጂ!" ብለው፣ "ሃያ አምስት ዓመቷ እኮ ነው፤ አንቺ በእሷ ዕድሜ አርግዘሻት ነበር" አይለኝም? "አርግዤማ ነበር፤ ግን ቤቴ ተቀምጬ ነው" አልኩት።

ተስፋ ያደረግኩት በጋሽ ስቶይል ነበር። ሠላሳ ዓመት ባቡር ላይ ትኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ክፉ ክፉውን ነግሮ እንዲያስፈራራልኝ ለመንኩት። እሱ ግን የዛሬ ዘጠኝ ቀን እሑድ መጥቶ ያለማምዳት ጀመር! ባዕድ ሰው መስሎ፣ "የኔ ቆንጆ፣ ሻንጣሽን ልያዝልሽ?" አላት። እሷም እንደኛ አገር ልማድ አይሆንም ለማለት ራሷን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀች። ጋሽ ስቶይል ሻንጣውን አንስቶ ውልቅ! በነጠላ ጫማ እየጮኸች ግቢውን አቋርጣ ተከተለችው። "እዚያ ይሄ እሺ ማለት ነው፤ እምቢታሽን በአፍሽ ተናገሪ፣ አንገትሽን ተይው!" እያለ ይስቃል። ጌንቾማ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አንቺም እዚያ እንደገባሽ ስንት ወር አንገትሽ ሲያሳስትሽ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ አንቺስ ባልሽ አጠገብሽ ነበር። ልጄን የሚጠይቃት ሰው የፈለገው ሻንጣ ባይሆንስ?

እትዬ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ላንቺ ልናገር። በማግስቱ ሰኞ ገላዋን ስትታጠብ መታወቂያዋን ከቦርሳዋ አውጥቼ ምድር ቤት፣ ከቃሪያ ድልህ ጠርሙሶች ጀርባ ደበቅኩት። ያለሱ ድንበር አያሳልፏትም። ከዚያን ቀን ወዲህ እህል አይወርድልኝም። በስልክ ያልነገርኩሽ የዚህ ቤት ግድግዳ ስስ ስለሆነ ነው። እባክሽ፣ "ዘንድሮ አይመቸኝም፣ አትምጪ" ብለሽ ጻፊላት። ያንቺን ቃል ትሰማለች።

ኮልዮን እንደ ወንድሜ ናፍቀኸኛል በዪልኝ። ዳፍናን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ጌንቾ ሰላም ይላችኋል፤ ሚንካም ጸሎትሽ ደርሶልኛል ብላለች።

እህትሽ ዶንካ
ጎርና ኦርያሆቪትሳ፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2019

እትዬ፣ ፖስታውን ሳላሽገው ራሊትሳ ከመድኃኒት ቤቱ ሥራዋ ገባች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። "እማዬ፣ መታወቂያዬ የት እንዳለ አውቃለሁ። ሐሙስ ዕለት ድልህ ላወጣ ወርጄ አየሁት" አለችኝ። "ታዲያ ለምን አላነሳሽውም?" አልኳት መሬት መሬቱን እያየሁ። "እኔም ፈርቼ ነዋ! እናቴ ከለከለችኝ ብዬ ልቀር አስቤ ነበር። ግን እንዲህ ሆኜ ከቀረሁ ሁሌም እንደፈራሁ ልኖር ነው። እኔ አላነሳውም፤ አንቺው አምጥተሽ ስጪኝ።"

ከላይ አትምጪ በያት ያልኩሽን እንዳልጻፍኩት ቁጠሪልኝ። ወርጄ አመጣሁና እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። እጇ ከእጄ ይብስ ቀዝቅዟል። ጨብጣ ያዘችውና፣ "እማዬ፣ እስከ ሩሴ ግን አብረሽኝ ትሄጃለሽ አይደል?" አለችኝ።