አንድ ማንኪያ ሙሉ ሜዳ

እህት ዓለም፣

ዛሬ ላቦራቶሪ ውስጥ አንዲት ኬሚስት አንድ ማንኪያ ዱቄት በመስኮቱ ብርሃን አሳየችኝ። «ውስጡ ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ ቢዘረጋ የኳስ ሜዳ ያህላል» አለች። «ሆድ ካገር ይሰፋል» የምትይው ለካ ለዱቄትም ይሠራል። ኤቲሊንና ኤቴን የሚባሉ መንታ የሚመስሉ ሁለት ጋዞች ተቀላቅለው ሲገቡበት፣ ኤቲሊን የቀዳዳውን ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል፤ ኤቴን ሹልክ ብሎ ያልፋል።

«ይውጠዋል ማለት ነው?» ብላት ሳቀች። «አይውጠውም፣ ያሳርፈዋል እንጂ። ሞቅ ሲያደርጉት በሰላም ይሄዳል።»

በሐሳብ ጭልጥ ብዬ አንቺ ክፍል ገባሁ፤ ልሰናበትሽ መጥቼ «ይጠባል» ብዬ፣ ሳላድር ሹልክ ያልኩበት ክፍል። አልጋውን ለሁለት አንጥፈሽ ነበር።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ፤ እማማን ሳሚልኝ፣ ጎረቤቶችሽን ሰላም በይልኝ። ስመለስ በግድግዳው በኩል አስተኚኝ።